ዘይባ አበባዋን ያልነካችበት ዓመት

ወልቂጤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ «ሐሙስ ነይ» ብሎ ሐሙስ የሚያስረክብ ግን ዘይባ ብቻ ናት ይላሉ ደንበኞቿ። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጉልበቷ ላይ የሰው ቀሚስ፣ ከንፈሮቿ መሀል መርፌ ይዛ ትውላለች። ሥራ ሲቀዛቅዝ እንኳ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ለቅሶ ቤት ሄዳ አረፍ ስትል አጠገቧ ያለውን ምስር መልቀም ትጀምራለች። ሰው ቤት በእንግድነት ከገባች ሳታስበው የሶፋውን ጨርቅ ስታስተካክል ትገኛለች።

«የኔን ሚስት እጇን ብታስራት በጥርሷ ትሠራለች» ይላል ባሏ ሳላሀዲን፣ የባጃጅ ጓደኞቹን ሊያስቅ ሲፈልግ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አለመውደድ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ዘይባ የተወለደችው ከጉንችሬ በእግር ራቅ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቷ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ በንግድ ስለሚከርሙ፣ የእንሰቱን ሥራ፣ የሴቱንም የወንዱንም፣ እናቷ ወይዘሮ ሰፍያ ነበሩ የሚሠሩት። እንሰት ደግሞ አንዴ ተክለው የሚረሱት ነገር አይደለም። ግልገሉ ከእናቱ ሥር ተነጥሎ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ጠና ሲል ይነሳና ራቅ ራቅ ተደርጎ ይተከላል፤ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ተነስቶ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። በተዛወረ ቁጥር ይወፍራል። ዘይባ ከትምህርት ቤት መልስ ያንን ግልገል ተሸክማ ከጓሮ ጓሮ ስታመላልስ ነው ያደገችው። እናቷ ከኋላ ሆነው፣ «አንሺው እንጂ! ምን ታሻሺዋለሽ? ቦታው ጠቦት እያለቀሰ አይታይሽም?» ይሏት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ስፌት ተምራ፣ ለሳላሀዲን ተድራ ወልቂጤ ስትገባ እንሰቱ እዚያው ቀረ። እጆቿ ግን አብረዋት መጡ።

የቤታቸው ግቢ ጠባብ ነው። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ፣ የቆርቆሮውን አጥር ተከትሎ የሚሄድ አንድ መደብ የሚያህል መሬት ብቻ አለው። የዛሬ አራት ዓመት የአጥር ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት ከግቢያቸው አንድ ጉማጅ የአበባ ሥር ቆርጠው ሰጧት። ችግኝ ጣቢያ ያሉት ካና ይሏታል። ቅጠሏን ላየው ግልገል እንሰት ናት፤ አናቷ ላይ ግን እንደ ፍም የቀላ አበባ ታወጣለች። ዘይባ ካናዋን በሩ አጠገብ ተከለቻት። ዙሪያዋን ደግሞ ቡታጅራ ያለችው እህቷ የላከችላትን የአበባ ዘር በተነችበት። እሱም ቅጠሉ እንደ እንስላል የሳሳ፣ ረጅም፣ ነፋስ ሲነካው የሚወዛወዝ፣ ቀለሙ ሮዝ የሆነ አበባ ነው።

በዚያ ክረምት መደቡ ሰው አስቆመ። አላፊ አግዳሚው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። አንዲት ሙሽራ ሳይቀር ቬሏን ጎትታ መጥታ ተነስታበታለች።

መከራው የመጣው በዓመቱ ነው። ሰኔ መባቻ ላይ ካናዋ ጣት ጣት የሚያህል ቀንበጥ ስታወጣ ዘይባ ደስ አላትና ዶማዋን አነሳች። በእናቷ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲጠና ይነሳ የለ? ከበሩ ነቅላ ወደ ማዕዘኑ አዛወረቻት። በሚቀጥለው ዓመት ከማዕዘኑ ወደ አጥሩ መሀል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከአጥሩ መሀል ተመልሶ ወደ በሩ። ካናዋም ክረምቱን አዲስ ሥር ስትሰድ ትከርምና፣ የከሳ ቅጠል አሳይታ፣ አንዲት አበባ ሳታወጣ ትደርቃለች። መሬቱንም ዘይባ እንደ እናቷ ጓሮ አንዲት ሣር ሳታስቀር ነው የምትመነጥረው። ሮዟ በዘሯት ዓመት ታብባለች እንጂ ራሷን ችላ ተመልሳ አታውቅም። በየዓመቱ ቡታጅራ እየደወሉ ዘር ማስላክ ነው።

ሰፈሩም አልተኛላትም።

«ዘይባ፣ ያቺ እንሰትሽ መቼ ነው የምትፋቀው? ቆጮው ሲደርስ ጥሪን!»

«ሥጋውን ይዘህ ና አንተ፣ ቆጮው ከኔ» ትላለች ሳትሸነፍ። ውስጧ ግን ይከፋታል።

ዘንድሮ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሳላሀዲን ባጃጅ ታድርበት የነበረው የጓደኛው ግቢ ቤት ሊሠራበት ሆነና «ቦታ ፈልግ» ተባለ። ሳላሀዲን ሲዞር ሰነበተና አንድ ቀን እግሩን አንፈራጦ በደረቀው መደብ ላይ ቆመ።

«ዘይቡ፣ ይሄ አበባ መቼ ነው የሚያብበው?»

«ሲያብብ ነዋ!»

«እሱማ እኔም ሲያድለኝ ሚኒባስ እገዛለሁ። ባጃጇ እኮ ሜዳ ላይ ልታድር ነው። የታችኛው ሰፈር ላይ ጎማ ፈተው መውሰዳቸውን አልሰማሽም? ይሄን ትንሽ ጠጠር ባለብሰው ልክክ ብላ ትገባለች።»

ዘይባ ይህን ታውቃለች። ልጃቸው ሳቢሪን ደብተር የምትገዛው፣ እነሱም የሚበሉት በዚያች ባጃጅ ነው። እውነቱን ነው። ግን ጠዋት በር ስትከፍት የሚቀበላት፣ ማንም «ስፊልኝ» ያላላት፣ ለራሷ ብቻ የሠራችው ነገር ቢኖር ያ መደብ ነው።

«እሺ እንወራረድ» አለች በመጨረሻ። «በዚህ ክረምት እኔ ሳልዘራ፣ ሳልተክል፣ ከማንም ሳላመጣ ራሳቸው ተመልሰው ከወጡ ቦታው የነሱ ነው። ሐምሌ እስኪያልቅ ካልወጡ ጠጠርህን አልብስ። ቃል አልተነፍስም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

«ሰምቻለሁ!» አለ የእትዬ የሺመቤት ድምፅ ከቆርቆሮው ወዲያ። «ምስክር ነኝ!»

በሳምንቱ ዘይባ ቀሚስ ልትለካቸው እትዬ የሺመቤት ግቢ ገባች። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ገብታለች፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። የካናው ግንድ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተነስቶ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ መሬቱን ሞልቶታል። ከትልቁ በር የሚያስገባውን መንገድ ሳይቀር ውጦታል። የሷ ካና የተቆረጠችው ከዚሁ ነው። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ መሀላቸው ያለው አንድ ቆርቆሮ።

«እትዬ፣ ምን ያደርጉላታል ግን?»

«እኔ? ወገቤን ታውቂው የለ እንዴ! ጎንበስ ብዬ እንኳ አይቻት አላውቅ። አምና ላስቆርጣት ብዬ ረሳሁት፤ ይኸው መንገዴን ዘጋችብኝ።»

ሜትሯ ከዘይባ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዶማዋ ትዝ አላት። በየዓመቱ፣ ልክ ካናዋ ልታብብ ስትሰናዳ፣ እየጎተተ የሚያወጣት ያ ዶማ።

«እትዬ፣ ስንፍናዎ ነው ያሳደጋት!» አለች ሳታስበው።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ቀሚሱን... ወገቡ ላይ ትንሽ ላስፋው አልኩ።»

«ምላስሽንም አጥብቢው!» ብለው ሳቁ።

ከዚያን ቀን በኋላ ዘይባ በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ከባድ ሥራ ገጠማት፤ ምንም አለመሥራት። ዶማውን ወስዳ እትዬ የሺመቤት ዘንድ በአደራ አስቀመጠች። ጠዋት ስትወጣ በመደቡ አጠገብ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ሁለት ሣር በቅሎ ስታይ መዳፏን ይበላታል። ሳቢሪን ነገሩን እንደ ጨዋታ ይዛው፣ እናቷ ገና ጎንበስ ስትል፣ «እማዬ! እጅሽን!» ብላ ትጮኻለች። ዘይባም እንደ ተያዘ ሌባ ቀጥ ትላለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቦት ደረሰ። በግንቦት ወይዘሮ ሰፍያ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ በሚኒባስ ከች አሉ፤ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና አንዲት ዶሮ ይዘው። ዘይባ አቅፋ ሳመቻቸው፣ አሳረፈቻቸው፣ በማግስቱም፣ በጉራጊኛ እናቷን እንደምትጠራቸው፣ «አዶት፣ ዛሬ ምንም እንዳትነኪ፣ ዕረፍት አድርጊ» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች። ይህን ስትል ለማን እየተናገረች እንደሆነ መርሳቷ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ መደቡ ተቆፍሮ፣ ተለስልሶ፣ ተደልድሎ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ተኝቷል። ወይዘሮ ሰፍያ እጃቸውን እየታጠቡ ፊታቸው በራ።

«አዶት! ምን አደረግሽ?»

«አንቺን ነው እንጂ ምን አደረግሽ መባል ያለብሽ! ያን የመሰለ የእንሰት ሥር፣ ያን የመሰለ አሚቾ በድርቀት አፍነሽ የምታስቀምጪው? ጎረቤትሽ እያንገራገሩም ቢሆን ዶማ ሰጡኝ፤ ደግ ሴት ናቸው። አወጣሁት፣ ልቡን ፈለፈልኩት፣ ከፋፈልኩት፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ፍግ አልብሼ ቀበርኩት። በዙሪያው ግልገል በግልገል ነው የሚሆንልሽ!»

ዘይባ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«አዶት፣ እንሰት እኮ አይደለም። አበባ ነው።»

«አበባ?» ወይዘሮ ሰፍያ ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ምኑ ይበላል?»

«ምኑም አይበላም።»

«አሚቾውስ?»

«አይበላም አዶት!»

«ላም ትበላዋለች?»

«አትበላም!»

«ሱብሃናላህ» አሉ እጃቸውን እያደረቁ። «ምን ልሁን ብሎ ነው ታዲያ እንሰት የመሰለው?»

ይህን ጊዜ ሳላሀዲን ገባ። ባዶውን መደብ አየ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጥርሱ ሊገለጥ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን አማቱ ፊት ነው የቆመው። አማቱ ፊት ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ደህና ዋሉ» እንኳ የማይል ሰው ነው። አንገቱን ሰብሮ ቆመ።

«ሳላሀዲን ልጄ፣ መሬታችሁን አጸዳሁላችሁ። ምን ልትሠሩበት ነው?»

«እጅዎ ይባረክ» አለ ወደ ጫማው እያየ። «እሱ... ገና ነው።» ስለ ውርርዱ አማቱ ፊት ሊያነሳ አይደለም፤ ዘይባም እናቷን ላለማሳፈር አፏን ዘጋች። ወይዘሮ ሰፍያ ምንም ሳያውቁ፣ ደስ እንዳላቸው፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ጉንችሬ ተሳፈሩ።

ሚኒባሱ ዞር ሲል ሳላሀዲን ሳቁን ለቀቀው።

«እኔ አልነካሁም! ሳቢሪን ትመስክር፣ አልነካሁም! እናትሽ ናቸው!»

«ሐምሌ አላለቀም» አለች ዘይባ ኮስተር ብላ።

«አፈሩ እኮ ባዶ ነው የኔ እመቤት።»

«ሐምሌ አላለቀም አልኩህ! ከጀርባ የተቀበረውንም አልቆጥረውም፤ እሱ የአዶት ነው። ከዚሁ መደብ፣ በራሱ የወጣ ብቻ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ተስፋዋ ተሟጦ ነበር። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሳላሀዲን በጋሪ ጠጠር አስጭኖ ከበሩ ውጭ አስገለበጠ። ባጃጇ በፕላስቲክ ተሸፍና ደጅ ታድራለች፤ እሱ ደግሞ በየሰዓቱ ተነስቶ በመስኮት ያያታል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ዘይባ ታዝንለታለች። አንዳንዴም «በቃ አልብሰው» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት በዝናብ ማግስት መደቡ ላይ አረንጓዴ ጭላንጭል አየች። ሣር መሰላት። ጎንበስ አለች። ሳቢሪን ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ «እጅሽን!» የሚል የለም። አንዷን መዝ አድርጋ ነቀለቻት። ቅጠሏ ክር ክር ያለ ነው። «እንስላል እዚህ ምን ያደርጋል?» ብላ በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው። እንስላል እንስላል አይልም።

«ያ አላህ!»

ሮዟ ናት። አምና ረግፎ የቀረው ዘር ነው። ዘይባ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ስታይ፣ መደቡ ከዳር እስከ ዳር በዚያች ቅጠል ተሸፍኗል። እናቷ አፈሩን ሲያለሰልሱት ዘሩን አልብሰውት ኖሯል። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ሮዟ በየዓመቱ ስትመለስ ነበር። በየዓመቱም ዘይባ ራሷ ነበረች «ሣር ነው» እያለች ገና በጥንስሱ የምትነቅላት። በራሷ ላይ ሳቅ ይዟት፣ የነቀለቻትን ቡቃያ መልሳ በጣቷ ሸጎጠቻት።

ለሳላሀዲን አልነገረችውም። እሱም ጠጠሩ ላይ ነበር ዓይኑ። ካናዋ ግን የለችም። በውርርዱ «ራሳቸው ከወጡ» ብላለች፤ አንዷ መጥታ አንዷ ከቀረች ሳላሀዲን ይሟገታታል። ባጃጅ ላይ ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ለዚህ አያንስም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ከአጥሩ መሀል ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ መሬቱ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ውስጥ እንደ ጥቅል ወረቀት የተጠመዘዘች፣ ወይን ጠጅ መሰል ጫፍ ብቅ አለች። በማግስቱ ከጎኗ ሌላ፤ ደግሞ እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ። የእናቷ ዶማ ትልቁን ሥር ሲያነሳ ቁርጥራጩን ሳያየው አልፎታል። በዓመታት መዛወር የተበታተነው ጉማጅ ሁሉ፣ አንዱ በሩ ጋ፣ አንዱ ማዕዘኑ ጋ፣ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ ሰኔን ማንም ሳይነካው አሳለፈ።

ቀኑ ሲደርስ እትዬ የሺመቤት ጃንጥላ ዘርግተው፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ ሳይጠሩ መጡ።

«ምስክር አይቀርም» አሉ።

ሳላሀዲን መደቡን ከላይ እስከ ታች ቃኘው። ሮዟ ጉልበት ደርሳ እምቡጥ ይዛለች፤ ካናዋ የመጀመሪያ ቅጠሏን መዘርጋት ጀምራለች።

«አይ፣ ይሄ አይቆጠርም» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ይሄ የተቆፈረ መሬት ነው። እናትሽ ተክለውት ነው የሄዱት።»

«እናቷ ነቀሉ እንጂ ተከሉ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ዶማውን የሰጠሁ እኔ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የዋልኩ እኔ!»

«በአጥር ቀዳዳ ያያሉ እንዴ እትዬ?»

«ምስክር ነኝ አላልኩህም? ካላመንከኝ አሁኑኑ ስልክህን አውጣና አማትህን ጠይቃቸው።»

«እኔ?» ሳላሀዲን ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «አማቴን? ደውዬ? "እማማ፣ አበባ ተክለዋል ወይ" ብዬ?»

«አዎ፣ ባጃጅ ልታቆምበት እንደነበርም ንገራቸው» አለች ዘይባ ሳቋን እየዋጠች። ስልኩን ከኪሱ መዝዛ እጁ ላይ አኖረችለት። ሳላሀዲን ስልኩን ትኩስ ድንች የያዘ ይመስል ከእጅ ወደ እጁ አቀባበለው።

«በቃ! በቃ ተረታሁ! ቦታው የነሱ ነው!»

እትዬ የሺመቤት እልል አሉ። ዘይባ ግን እልል አላለችም። የባሏን ቀልተው የሰነበቱ ዓይኖች አየች። ቦታውን ማግኘቷ ባጃጇን ከዝናብ አያስገባትም፤ ይህንንም ስታስበው ነው የከረመችው።

«እትዬ» አለች፣ «ትልቁ በርዎ ለምንድነው የማይከፈተው?»

«ከፍቼስ? መንገዱን ያቺ አበባ ይዛው የት ልሂድበት?»

«እኔ መንገዱን ልክፈትልዎ፣ እሱ ጠጠሩን ያልብስ፣ ባጃጇ እዚያ ትደር።»

እትዬ የሺመቤት ጃንጥላቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ሳላሀዲንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ታደርሰኛለህ?»

«አደርሳለሁ!»

«ትመልሰኛለህስ?»

«እመልሳለሁ እትዬ!»

«ሠርግም ቢኖር?»

«ኧረ ሠርግም፣ ማኅበርም! ብቻ በሩን ይክፈቱ!»

በዚያው ቅዳሜ ዘይባ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ክረምቱን ሙሉ የታሰረው እጇ እንደ ልቡ ሆነ። መንገዱን የያዘውን ካና እየነቀለች ስትቆልል የሰፈሩ ሴቶች ወሬ ሰምተው መጡ። «እንሰትሽ መቼ ይፋቃል» ይሏት የነበሩት ሳይቀሩ ፌስታል ዘርግተው ተሰለፉ።

«እንዴት ነው የምትያዘው ግን?» አለች አንዷ።

«ቅበሪያትና እርሺያት» አለች ዘይባ። «ስትደርቅ ሞተች ብለሽ አትነቅዪ። ከሥሯ የሚበቅለውንም ሳታውቂው አትመንጥሪ። እጅሽ ካስቸገረሽ ወደኔ ነይ፣ ቁልፍ የሚተከልበት ሸሚዝ አላጣም።»

ሳላሀዲን ጠጠሩን በባልዲ አመላልሶ ደለደለው። ማታ ባጃጇን ነድቶ አስገባት፤ ያን ሌሊት ሁሉም እንቅልፉን ለጠጠ።

መስከረም አጋማሽ ላይ የዘይባ መደብ ተለይቶ አይታይም፤ ሮዝና ቀይ ተደባልቆበታል። አንድ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በአጥሩ ቀዳዳ አየት አደረገች፤ ይህን ልማድ ከእትዬ የሺመቤት ነው የተማረችው። ሳላሀዲን ባጃጇን ሊያስነሳ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ከፊት ጎማው ሥር፣ ከጠጠሩ መሀል፣ አንዲት የተጠመዘዘች ወይን ጠጅ ጫፍ ወጥታለች። ሳላሀዲን ግራ ቀኝ ተመለከተ። ማንም እንደማያየው ሲያረጋግጥ ባጃጇን በትከሻው ገፋ አድርጎ ወደ ጎን አሸሻት፣ በጫማው ጫፍም በቡቃያዋ ዙሪያ ያለውን ጠጠር ገለል ገለል አደረገላት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ።

ዘይባ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ አፍና ልብሱን ማስጣቷን ቀጠለች።